«ሰላም ስለማልላቸው ኩራተኛ ይሉኛል»

ይድረስ ለምክር ዓምድ፦

እትዬ፣ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማታ ማታ አይታየኝም። እናቴ ዳፍንት ነው ብላ ጉበትና ካሮት እያበላች ነው ያሳደገችኝ። አሁን ግን ቀንም ብሶብኛል። ከፊቴ ያለው ይታየኛል፣ ከጎኔ ያለው ግን አይታየኝም። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬም አላነበውም። የሚድ ፈተናው ወረቀት የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ነበር፤ ከ30 ዘጠኝ አመጣሁ። አንብቤ ሳልጨርስ ነው ሰዓቱ ያለቀው። ሰሌዳውን በስልኬ ፎቶ ሳነሳ ደግሞ መምህሩ ተቆጣኝ። የዶርም ልጆች መንገድ ላይ ሰላም ስለማልላቸው ኩራተኛ ይሉኛል። ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ «ከተናገርሽ ነገ ማን ያገባሻል? ጸበል እንሄዳለን» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ከዲፓርትመንቴ ያስወጡኛል ብዬ እፈራለሁ። ለመሆኑ እኔ አካል ጉዳተኛ ነኝ እንዴ? ዓይነ ስውር እኮ አይደለሁም። ምን ላድርግ?

ከፊት ወንበር

የኔ እህት፦

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ዓይንሽ አዘንኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን አልለቅ ያለችኝ ያቺ «ኩራተኛ ይሉኛል» ያልሻት ነገር ነች። እኛ አገር ሰላምታ መንሳት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው ይቀየማል። አንቺ ደግሞ ላለመናገር ስትይ ዓመቱን ሙሉ ስትታሚ ከርመሻል።

ለማንም አልተናገርኩም ብለሻል። ሰዎቹ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። የራሳቸውን መልስ አግኝተዋል። መምህሩ «ይቺ ልጅ በስልክ ትጫወታለች» ብሏል። የዶርም ልጆች «ተኮፍሳለች» ብለዋል። ዘጠኝ ያመጣሽበትን ወረቀት ያረመው ሰው «አላጠናችም» ብሎ አልፏል። ስለዚህ ምስጢርሽ የጠበቀሽ ነገር የለም።

መልሴ ተናገሪ ነው። ግን አነጋገር አለው። «ዓይኔን ያመኛል» ብትያቸው የምታገኚው «አይዞሽ፣ እግዜር ይማርሽ» ነው። ደግ ቃል ነው፣ ግን ለፈተና አይረዳሽም። «ፈተናው በዚህ መጠን ፊደል ይታተምልኝ» ካልሽ ግን ሰውየው እሺ ወይም እንቢ ማለት አለበት። የሚያስፈልግሽን ነገር በስሙ ጥሪው። እሱንም ከፈተናው በፊት። ውጤት ከተለጠፈ በኋላ የሚነገር ችግር፣ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ሰበብ ይመስላል።

ይህን የተማርኩት ከአንድ ጓደኛዬ ነው። ተማሪ እያለሁ ለአንድ ዓይነ ስውር የሕግ ተማሪ በፈቃደኝነት አነብ ነበር። ቀልድ ይወዳል፣ በንባብ ሰዓት ግን ቀልድ የለም። እኔ ሳነብ እሱ በብሬል መጻፊያ ሰሌዳውና በመውጊያው ጠቅ ጠቅ እያደረገ ይጽፋል። (ብሬል በጣት የሚነበብ የነጠብጣብ ጽሕፈት ነው፤ የአማርኛው ደግሞ ወረቀት ይፈጃል። «ል» በአንድ የነጠብጣብ ቤት ይጻፋል፣ «ለ» ወይም «ሉ» ግን ሁለት ቤት ይይዛል። የአንድ ኮርስ ማስታወሻው ትራስ ያህላል።) አንድ ቀን ደክሞኝ አንድ አንቀጽ ዘለልኩበት። እጁን አቆመና «መልሺው» አለኝ።

«ምኑን?»

«የበላሽውን አንቀጽ።»

ይህ ልጅ አምስት አንባቢ ነበረው። ማክሰኞ እገሌ፣ ሐሙስ እኔ። አንዳችንንም ለምኖን አያውቅም። «ሐሙስ ከ10 እስከ 12 ሰዓት፣ ምዕራፍ አራት፣ ይመችሻል?» ይላል። አይመቸኝም ካልሽው ሌላ ሰው ይጠይቃል፣ ቅያሜ የለም። አንድ ፈተና ላይ የተመደበለት አንባቢ 40 ደቂቃ አርፍዶ መጣ። ፈታኙ «ሰዓት ሰዓት ነው» ብሎ ወረቀቱን ሰበሰበው። ልጁ ጮኸ፣ አመለከተ፣ ምንም አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ፈተና በፊት ደብዳቤ ያስገባ ጀመር። «አንባቢው ካረፈደ ሰዓቱ የሚቆጠረው አንባቢው ከገባበት ደቂቃ ነው» የሚል መስመር ሁልጊዜ አለበት። ተመርቆ እስኪወጣ ድረስ እንደዚያ ያለ ነገር ዳግም አልገጠመውም።

አሁን ወደ አንቺ እንመለስ።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከግቢው ክሊኒክ ሪፈር አጽፊና የዓይን ስፔሻሊስት ይይሽ። አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ፤ የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የዓይን ክፍል አላቸው። ከልጅነት ጀምሮ ማታ አለማየት፣ ቀስ በቀስ ደግሞ የጎን እይታ መጥበብ፣ ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ከሚባል በዘር ከሚመጣ ሕመም ጋር ይመሳሰላል። ይመሳሰላል ነው ያልኩት፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የእናትሽ ጉበትና ካሮት የዋዛ ምክር አልነበረም። ዳፍንት በቫይታሚን ኤ እጥረት ሲመጣ ይረዳል። መነሻው ሌላ ከሆነ ግን ጉበቱ ለምሳ ብቻ ነው የሚሆነው። ምናልባት በመነጽር የሚስተካከል ነገርም ተደርቦበት ይሆናል፣ እሱም ይታወቃል። ድንገት ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ካየሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሂጂ።

ሐኪሙ የሚጽፍልሽ ወረቀት ላይ የሕመሙ ስም ብቻ እንዳይሆን። የሕመም ስም ለዲፓርትመንት ሄድ ምንም አይነግረውም። «የጎን እይታዋ ጠባብ ነው፤ በደብዛዛ ብርሃን ማንበብ አትችልም፤ ለንባብ ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልጋታል፤ ማታ ለመንቀሳቀስ ትቸገራለች» ብለው ቢጽፉልሽ ይሻላል። ጠይቂያቸው። አብዛኞቹ ሐኪሞች ካልጠየቅሻቸው አይጽፉትም፣ ከጠየቅሻቸው ግን ይጽፋሉ።

«አካል ጉዳተኛ ነኝ እንዴ?» ብለሽኛል። ኢትዮጵያ በ2002 በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አለ። እዚያ ላይ ነገሩ የተገለጸበት መንገድ ደስ ይለኛል። የቆየ የአካል፣ የአእምሮ ወይም የስሜት ሕዋስ ጉዳት ከመሰናክሎች ጋር ሲገናኝ፣ ሰውየው እንደ ሌሎች እኩል እንዳይሳተፍ ሊያደርገው ይችላል ነው የሚለው። አየሽ፣ ነገሩ ዓይንሽ ላይ ብቻ አይደለም ያለው። ጉዳቱ ዓይንሽ ነው፤ መሰናክሉ ያ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ከ30 ዘጠኝ መጣ። ዓይንሽን ዲፓርትመንቱ ሊቀይረው አይችልም፣ ፎቶ ኮፒውን ግን ይችላል። ስለዚህ ፎርም ላይ «አካል ጉዳተኛ» የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጊባት። የምታጎድልብሽ ነገር የለም።

ሕጉን ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልጨምር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል፣ «አቅም በፈቀደ መጠን» ብሎ። በ2001 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 አንቀጽ 40 ደግሞ በግልጽ ዘርዝሮታል፦ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት፣ ሌላ ዓይነት የፈተና አሰጣጥ፣ ቱቶሪያል፣ የመማሪያ ክፍል መቀየር ሁሉ ነበረበት። ያ አዋጅ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1152 ተተክቷል። ስለዚህ አንቺ የምትጠይቂው ነገር አዲስ አይደለም፣ ዛሬ ግቢ ያሉ ብዙ መምህራን ራሳቸው ተማሪ ሳይሆኑ በፊት ሕግ ላይ ነበር። እዚያም ቢሆን ግን «በተቻለ መጠን» የምትል ነገር አትጠፋም። ይቺ ሐረግ ስንት ቢሮ በር ላይ ተማሪ መልሳለች! አንቺ ጋ ግን አትሠራም። ሊፍት ይሠራልኝ አላልሽም። የምትጠይቂው ጥርት ያለ ወረቀት፣ መስኮት አጠገብ ያለ ወንበርና ግማሽ ሰዓት ነው። ይህን የማይችል ዩኒቨርሲቲ የለም።

ደብዳቤውን ከመጻፍሽ በፊት አንድ ነገር ሞክሪ። ብዙ ሰው «ትልቅ ፊደል ይሰጣት» ይልና ያበቃል። የጎን እይታው ለጠበበ ሰው ግን ትልቅ ፊደል ሁልጊዜ አይበጅም። ፊደሉ በጣም ከተለቀ በአንድ ጊዜ የሚታይሽ ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ ይሆንና ንባቡ ይጓተታል። አንድ ገጽ በ12፣ በ16፣ በ20 አሳትሚና ሰዓት ይዘሽ አንብቢ። የትኛው ይፈጥናል? ደብዳቤሽ ላይ የሚገባው ቁጥር እሱ ነው። ወረቀቱን ከA4 ወደ A3 በኮፒ ማሳደግም አለ፣ 12 የነበረው ፊደል ወደ 17 ይጠጋል። ግን የደበዘዘ ወረቀት ሲያድግ ያው ትልቅ ድብዝዝ ነው። ከኮምፒውተር በቀጥታ ይታተምልኝ በይ።

ደብዳቤው ረጅም አይሁን። እንዲህ ብትይ ይበቃል፦

«ጉዳዩ፦ በፈተናና በትምህርት አሰጣጥ ላይ ሁኔታዎች እንዲመቻቹልኝ ስለመጠየቅ። አባሪ በተደረገው የሐኪም ማስረጃ እንደተገለጸው የማየት ችሎታዬ ውስን ነው። ስለሆነም የፈተና ወረቀት በ16 የፊደል መጠን በቀጥታ ታትሞ እንዲሰጠኝ፣ ለአንድ ሰዓት ፈተና 30 ደቂቃ እንዲጨመርልኝ፣ በቂ ብርሃን ባለበት እንድቀመጥ፣ ሃንድአውቶች በሶፍት ኮፒ እንዲሰጡኝ፣ ሰሌዳውንም በስልክ ፎቶ እንዳነሳ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። መብራት ቢጠፋ የጠፋው ጊዜ እንዲካካስልኝ እጠይቃለሁ።»

ቁጥሮቹን እንደራስሽ አስተካክዪ። በሁለት ኮፒ አዘጋጂውና መዝገብ ቤት አስገቢ። አንደኛው ላይ ማኅተምና ቀን አስደርገሽ ለራስሽ አስቀሪ። ግልባጭ ለተማሪዎች ዲንና ለሬጅስትራር አድርጊ። ከፈተናው ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድመሽ ይሁን።

የት እንደምታስገቢ ካላወቅሽ፣ በአንዳንድ ግቢ የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ማዕከል ይባላል፣ በሌላው ልዩ ፍላጎትና አካቶ ይባላል፣ ሌላ ቦታ በተማሪዎች ዲን ሥር አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው። ስሙን ፍለጋ አትድከሚ። ግቢው ውስጥ ነጭ በትር የያዘ ተማሪ ፈልጊና እሱን ጠይቂው። የትኛው መምህር እሺ እንደሚል፣ የትኛው ቢሮ በደብዳቤ እንጂ በቃል እንደማይንቀሳቀስ፣ የትኛው ኮፒ ቤት ጥርት አድርጎ እንደሚያትም፣ የትኛው ቦይ ክዳን እንደሌለው እነሱ ያውቁታል። ለአንቺ ከእኔ ዓምድ ይልቅ ይጠቅሙሻል። «እኔ እኮ ትንሽ ይታየኛል» ብለሽ አትፈሪ፣ በመካከላቸው ትንሽ የሚታያቸው ሰዎች ታገኛለሽ።

ከዲፓርትመንት ያስወጡኛል ላልሽው፦ ማየት ስለተቸገርሽ ብቻ ሊያስወጡሽ አይገባም፣ ኮንቬንሽኑ ይህን አድልዎ ይለዋል። የምፈራልሽ ሌላ ነው። አንድ ደግ ሰው ቢሮው አስቀምጦ «ለራስሽ ብዬ ነው፣ ቁጥር ከሚያደክምሽ ሶሻል ሳይንስ ብትገቢ» ይልሻል። ምክር ከሆነ አመስግነሽ ውጪ። ትእዛዝ ከሆነ «በጽሑፍ ይስጡኝ» በይ። ይቺን ቃል ያዢያት። ብዙ «አይቻልም» በጽሑፍ ሲሆን ይቻላል። በጽሑፍ ከከለከሉሽ ደግሞ አካዳሚክ ምክትል ፕሬዝዳንት ዘንድ፣ ከዚያም እንባ ጠባቂ ተቋም ወይም የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) ዘንድ የምትይዢው ወረቀት አገኘሽ ማለት ነው።

ሥራውማ ይሠራል። የዛሬ ሒሳብ ኤክሴል ላይ ነው፤ ኤክሴል ደግሞ ይሰፋል፣ ቀለሙ ይቀየራል፣ ኤንቪዲኤ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም እያንዳንዱን ሴል በድምፅ ያነብልሻል። ዓይንሽ እስኪደክም አትጠብቂ፣ አሁን ጀምረሽ ልመጂው። ስልክሽም ላይ ማጉያና ቀለም መገልበጫ አለ፤ ሴቲንግ ገብተሽ አክሰሲቢሊቲ የሚለውን ክፈቺ። መምህር ሶፍት ኮፒ ሲሰጥሽ ግን ወርድ ፋይል ይሁን በይ። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ፎቶ ነው፣ ፕሮግራሙ ድዳ ይሆንበታል። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍም እንዲሁ፣ ትርጉም የሌለው ፊደል ይንጫጫልሻል።

የመውጫ ፈተናውንም ከአሁኑ አስቢው። ከ2015 ጀምሮ ሳያልፉ መመረቅ የለም፤ ፈተናው ደግሞ በኮምፒውተር ነው። ደብዳቤሽና የሐኪም ማስረጃሽ ፋይልሽ ውስጥ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ካለ፣ ያኔ «አሁን ከየት መጣ?» የሚልሽ አይኖርም።

የሚዱ ዘጠኝ ግን አልቋል፤ ላባብልሽ አልችልም። መምህሩን በድጋሚ እንዲፈትንሽ ጠይቂ፣ ሊፈቅድም ላይፈቅድም ይችላል። ፋይናሉ ደርሶ ምንም ካልተመቻቸልሽ በጤና ምክንያት ዊዝድሮው (ትምህርትን በፎርም ለጊዜው ማቋረጥ) መሙላት ይኖራል። ቀነ ገደቡን የግቢሽ ሌጂስሌሽን (መተዳደሪያ ደንብ) ላይ እዪው። ኤፍ ከመሸከም አንድ ሴሚስተር መቅረት የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ አቋርጦ ዝም ብሎ መጥፋት ግን ያስከፍላል።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ የትነበርሽ ንጉሤን እየጠቀሰ «እሷ ምን ሆነች?» ይልሻል። እውነት ነው፣ በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራለች፣ በፈረንጆቹ 2017 ደግሞ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ወስዳለች። እኔም አደንቃታለሁ። ግን የመጀመሪያ ትምህርቷን ያገኘችው ሻሸመኔ ለዓይነ ስውራን ተብሎ በተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። ብሬል የተሰጣት ልጅ ነች። ስሟን ወረቀት ላለማሳተም ምክንያት ሲያደርጉት ያናድደኛል።

ለእናትሽ ነገሩን በእርጋታ ንገሪያት። ጸበሉን አትቃወሚ፤ አብረሻት ሂጂ፣ የሐኪም ካርድሽንም ይዘሽ ሂጂ። ማን ያገባሻል ላለችው እኔ መልስ የለኝም። ማታ እጅሽን ይዞ የማይሸኝሽ ሰው ግን ቢቀርም ይቅር።

የዶርም ልጆችን ዛሬ ማታ ንገሪያቸው። ደብዳቤም ማኅተምም አይፈልግም። «ሰላም የማልላችሁ ስለማላያችሁ ነው። ስሜን ጥሩኝ» በያቸው። በቃ። ከላይብረሪ ስትመለሺ ከመካከላቸው አንዷ አብራሽ ትምጣ፣ ባትሪም ያዢ። ነጭ በትርም ለማታ ብትይዢ ማንም አይከስሽም፣ ትንሽ ለሚታየው ሰውም ነው የተሠራው። በሚቀጥለው ዓመት የዶርም ምደባ ላይ ምድር ቤት ጠይቂ።

ይህን የምታነብ መምህር ካለህ ደግሞ አንተንም አንዲት ነገር ልለምንህ። ሰሌዳው ላይ እየጠቆምክ «ይሄ ከዚህ ሲቀነስ ይሄን ይሰጣል» አትበል። ቁጥሩን በስሙ ጥራው።